ከአልጋ ሥር የሚንጠለጠለው ከረጢት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም የሰው እግር ማየት አልተውኩም። ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስቀመጥ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ካልሲው ጥልቅ መስመር ሰርቶበት ካየሁ፣ ይህ ሰው ውሃ ይዟል ብዬ መጠርጠር እጀምራለሁ። ልቡ ይሆን? ኩላሊቱ? ሰውየው ደግሞ ይቺ ሴትዮ ጫማዬ ላይ ምን አስፈጠጣት ብሎ እኔን ይጠረጥራል። እንዲሁ እንደተጠራጠርን መውረጃችን ይደርስና እንለያያለን።

ልጄ "እማዬ፣ አንቺ እኮ ነርስ ሳይሆን መርማሪ ፖሊስ ነበር መሆን የነበረብሽ" ትለኛለች። አልፈርድባትም። እኔ ሲስተር ፀዳለ የሥራ ዘመኔን ከሞላ ጎደል ያሳለፍኩት በአቃቂ ቃሊቲ ነው። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ደግሞ በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሳንባቸው እምቢ ያላቸውን ሰዎች ስጠብቅ ቆየሁ። እዚያ ቤት የሰማውን ሁሉ የሚያምን ሰው ብዙ አይበረክትም።

መጠርጠርን የተማርኩት ግን ሆስፒታል አይደለም። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ገጠር ጤና ጣቢያ ትንሽ እንደሠራሁ ወደ አቃቂ የመጣሁት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ተቀጥሬ ነው። እዚያ ከታመመው ይልቅ የሕመም ፈቃድ የፈለገው ይበዛል። ቴርሞሜትር አፉ ውስጥ አድርጌለት ዘወር ስል ሻይ ብርጭቆ ውስጥ የሚነክር ነበር። አንዱማ ከልክ በላይ ነክሮት፣ "አንተ በዚህ ሙቀት በሕይወት የለህም፤ ሂድና አስከሬንህን ላክልኝ" ስለው ተራ የሚጠብቀው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የክሊኒኩ ኃላፊ ደግሞ እኔን ይጠረጥሩኝ ነበር። ፋሻና አልኮል ወደ ቤቴ የማሸሽ ስለሚመስላቸው፣ ማታ ስወጣ ቦርሳዬን በዓይናቸው ይፈትሹታል። ደመወዙ እንኳን ለሌላ ነገር ለትራንስፖርትም አይበቃም ነበር፤ ነገር ግን ሰው ሲያወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን ማየት የለመድኩት እዚያ ነው።

ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ወደ ሆስፒታል ገባሁ። ሕፃናት ክፍል፣ ቀጥሎ ድንገተኛ ክፍል ሠራሁ፤ ከዚያ ኮሮና መጣ። ከኮሮና ጋር የመተንፈሻ ማሽኖች መጡልን። በሽታው ጋብ ሲል ማሽኖቹ ቀሩ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉም በዚያው ቀጠለ። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኃይሉ ይባላሉ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ጋውናቸው ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የሚጎድለው ሰው ናቸው። በኔ ዕድሜ ከኔ የባሰ ተጠራጣሪ ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው። ራውንድ ላይ፣ ሕመምተኞችን እየዞርን ስናይ፣ ማንም ሰው ቁጥር ሲነግራቸው ቀና ይሉና "አይተሻል ወይስ ተነግሮሻል?" ይላሉ። የደም ግፊቱ ይህን ያህል ነው ስትዪያቸው ይህችን ይጠይቃሉ፤ ትናንት ማታ ተሽሎት ነበር ስትዪያቸውም ይህችኑ። ተነግሮኝ ነው ካልሽ አይቆጡም፤ ዝም ብለው ራሳቸው ሄደው ያያሉ። ከቁጣ ይልቅ ያ ነው የሚያሳፍረው።

የክፍላችን ትልቁ ጭንቅ ውሃ ነበር። ሳንባው በጠና የታመመ ሰው፣ አየር ሊገባበት የሚገባው ቦታ ውሃ ይቋጥርበታል። የደም ሥሮቹ ስለሚያፈስሱ፣ በክንዱ ግሉኮስ በሰጠነው ቁጥር ከፊሉ እዚያው ሳንባው ውስጥ ይንጠባጠባል። እንዳንሰጠው ደግሞ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ኩላሊቱ ይደርቃል። ኩላሊት ስጡኝ ይላል፣ ሳንባ አትስጡብኝ ይላል። ሁለቱም የአንድ ሰው ናቸውና የትኛውን እንደምትሰሚ መወሰን አለብሽ፤ ከተሳሳትሽም ወዲያው የሚነግርሽ የለም።

ዶክተር ኃይሉ ለዚህ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ማሽኑን ከማየታቸው በፊት የበሽተኛውን ጉልበት በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ። ጉልበት ከቀዘቀዘ ደም በደንብ እየደረሰ አይደለም። ቀጥለው የጣቱን ጫፍ ተጭነው ይለቁና ደሙ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ከዚያ በሽተኛውን አገላብጠን ወገቡን በአውራ ጣታችን እንጫናለን፤ ተኝቶ የከረመ ሰው ውሃው የሚጠራቀመው እግሩ ላይ ሳይሆን ወገቡ ላይ ነው፣ ጣትሽ ጎድጉዶ ከቀረ ሞልቷል ማለት ነው። ጀርባው ላይ የመኝታ ቁስል እንዳለም በዚያው እናያለን።

ዋናው በመጨረሻ ይመጣል። የበሽተኛውን ራስ ዝቅ፣ እግሩን ከፍ እናደርጋለን። "የገዛ ደሙን እናበድረው" ይላሉ ዶክተር። በእግሩ ውስጥ ያለው ደም ወደ ልቡ ሲወርድ የደም ግፊቱ ከፍ ካለ፣ ግሉኮስ ቢሰጠው ይጠቅመዋል። ንቅንቅ ካላለ ግን የምንሰጠው ሁሉ መግቢያው ሳንባ ነው። እግሩን ወደ ቦታው ስንመልሰው ደሙም ይመለሳል፤ አንዲት ጠብታ ሳንጨምርበት መልሱን አገኘን ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጨርሰው ጎንበስ ይሉና ከአልጋው ሥር የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት ያያሉ።

እኔ በበኩሌ የምጠረጥረው አስታማሚዎቹን ነበር። በሕመምተኛው የምግብ ቱቦ የማያስገቡት ነገር የለም። ጸበል፣ ዘምዘም፣ የአጃ ሾርባ፣ ተጨምቆ በጨርቅ የተጠለለ ብርቱካን። ለክፋት አይደለም፤ ሰው ሲወድ እጁ አያርፍም። እኛ እያንዳንዷን ማንኪያ ስንቆጥር እነሱ በጎን ይሞሉብናል። ስለዚህ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ከሰማሁ የትም ብሆን ብቅ እላለሁ። አስታማሚዎቹም ጠባዬን ያውቁት ነበርና ገና ስገባ ቦርሳቸውን ዘጋ ያደርጋሉ፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ ያስጠረጥረኛል።

ሰይድ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ቤተሰቡ ከወሎ መጥተው አቃቂ፣ በሰቃ የሚባለው ሰፈር የከተሙ ናቸው፤ እናቱ እትዬ ሀዋ እዚያው በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። በሳንባ ምች ገብቶ በማግስቱ ማሽን ላይ ወጣ። ሠራተኛ ስለማይበቃን ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ አስታማሚ ጋውን ለብሶ እንዲገባ እንፈቅድ ነበር፤ ገላ ለማጠብ፣ ለማገላበጥ። እትዬ ሀዋ ከልጃቸው አጠገብ አይጠፉም። ጥፍሩን ቆርጠውለታል፤ ከንፈሩ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀቡታል። ክፍላችን ውስጥ እንደ ሰይድ አልጋ ንጹሕ አልነበረም።

እኔ ግን ጥቁር ቦርሳቸው ውስጥ የውሃ ሃይላንድ አይቼ ልቤ አላመነም።

"እትዬ ሀዋ፣ ይሄ ዘምዘም አይደለም አይደል? በቱቦው እንዳይሰጡት።"

"ኧረ ለውዱእ ነው ሲስተር። ልሰግድ ስወጣ የምታጠብበት ነው። ወላሂ ጠብታ አልሰጠሁትም።"

አላመንኳቸውም። ቀኑን ሙሉ በዓይኔ ተከተልኳቸው፣ ምንም አላገኘሁም።

ሰይድ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደህና ነበር፤ የምንሰጠውን ኦክስጅን ትንሽ ትንሽ መቀነስ ጀምረን ነበር። ከዚያ ሽንቱ ቀነሰ። በሥራ ፈረቃ መጨረሻ ከረጢቱን የሚለካው ብሩክ የሚባል ወጣት ነርስ ነበር፤ አንድ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ ማዳመጫ የሚሰካ ልጅ። የጻፈውን ሳየው ለሕፃን እንኳን የሚያንስ ነው። ወዲያው እሱን ጠረጠርኩ። ሳይለካ በግምት ጽፎ ነው አልኩ።

"ሲስተር፣ ኧረ ሙድ አይያዙብኝ። ከረጢቱ ውስጥ ያለችውን ነው የጻፍኩት።"

በማግስቱ ራሴ ለካሁ። እውነትም ትንሽ ነው። ያን ሳምንት ደግሞ ላብራቶሪ የኩላሊት ምርመራ የሚሠራበት ኬሚካል አልቆበት ነበርና ሌላ ማመሳከሪያ አልነበረንም። ዶክተር ኃይሉ መጡ። ጉልበቱን ዳሰሱ፣ ሞቅ ያለ ነው። ጣቱን ተጫኑ፣ ደሙ ቶሎ ተመለሰ። እግሩን አነሳንለት፣ የደም ግፊቱ ከነበረበት አልተነቃነቀም። ሁሉም አትስጡት ይላል። ጎንበስ ብለው ከረጢቱን አዩ።

"ሌሊትም እንዲሁ ነበር? አይተሻል ወይስ ተነግሮሻል?" አሉኝ።

"ዛሬ ጠዋት ራሴ ለክቻለሁ ዶክተር። አይቻለሁ።"

ያቺን ቃል እኔ በቀላሉ እንደማልላት ያውቃሉ። ስለዚህ አመኑኝ። አልጋው አጠገብ ረጅም ጊዜ ቆሙ። "ኩላሊቱን ልናጣው ነው" አሉና ግሉኮስ አዘዙ። እኔው ሰቀልኩት። በማግስቱም ከረጢቱ ውስጥ ጠብ ያለ ነገር የለም፤ ተጨመረለት። እትዬ ሀዋ ግሉኮሱ ሲንጠባጠብ እያዩ "ተመስገን፣ ውሃ ገባለት" ይሉ ነበር። የደሙ ኦክስጅን እየወረደ ሄደ፤ ማሽኑ ወደ ሳንባው አየር ለመግፋት ይታገል ጀመር፤ ከመተንፈሻ ቱቦው ሮዝ አረፋ መጣ። ሳንባውን ውሃ እንደሞላነው ያን ጊዜ ለሁላችንም ገባን። ውሃውን የሚያስወጣ መድኃኒት ሰጠነው፣ ሽንቱ በአንድ ጊዜ ጎረፈ። ኩላሊቱ ደህና ነበር ማለት ነው። ሳንባው ግን አልተመለሰም፤ ሰይድ አርብ ከጁምዓ በኋላ አረፈ።

ዶክተር ኃይሉ ባዶው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በፊት አልጋ ላይ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም።

"እግሩ ነግሮኝ ነበር ፀዳለ። በትክክል ነግሮኝ ነበር" አሉ።

በጣም አዘንኩ፤ ሐዘኔ ደግሞ ወዲያው ጥርጣሬ ሆነ። የደም ግፊት መለኪያውን ጠረጠርኩ፣ የሽንት ቱቦው ተዘግቶ ነበር ወይ አልኩ፣ ከሁሉ በላይ ብሩክን ጠረጠርኩ። አንድ ነገር አበላሽቶ ደብቋል ብዬ ስለወሰንኩ ከሰላምታ በቀር አላናግረውም ነበር። እሱም ምክንያቱን አልጠየቀኝም። በዚህ መሐል ዶክተር ኃይሉ ጡረታ ወጡ፤ በቦታቸው ዶክተር ሜሮን የምትባል ጎበዝ ልጅ መጣች።

ነገሩ የተገለጠልኝ በጋሽ ታደሰ ነው። ከኮዬ ፈጬ የመጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሳንባቸው እንደ ሰይድ ሆኖ ማሽን ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ ታስታምማቸዋለች። አሁንም በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ሽንታቸው ቀነሰ። ጉልበታቸው ሙቅ፣ እግራቸው ሲነሳ የደም ግፊታቸው ንቅንቅ አይልም። ዶክተር ሜሮን ግሉኮስ ልታዝዝ ስትል ክንዷን ያዝኩ።

"ዶክተር፣ እባክሽ የጠያቂ ሰዓት እስኪያልፍ ጠብቂኝ" አልኳት።

"ምን ጠርጥረሽ ነው ሲስተር?"

"አላውቅም። ግን ይህን ነገር አይቼዋለሁ።"

እሺ አለችኝ። ያን ቀን የንስሐ አባታቸው ጸበል ይዘው እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። በልቤ፣ ዛሬ እጅ ከፍንጅ ይዤሻለሁ ብያለሁ። ከጎረቤት አልጋ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ወይዘሮ ብርቄን ማየት ጀመርኩ። ግራ ቀኝ አየችና ከቦርሳዋ ሃይላንድ አወጣች። ወደ ምግብ ቱቦው ልትሄድ ነው ብዬ ልወጣ ስል፣ ሃይላንዱ ባዶ መሆኑን አየሁ። ሴትየዋ ወደ ቱቦው አልሄደችም። በርከክ አለች፤ የሽንት ከረጢቱን መክፈቻ ከፈተች፤ ሃይላንዱን ሞላች፤ መልሳ ዘጋች፤ በሶፍት አጸዳችውና ፌስታል ውስጥ ከተተችው።

ዕድሜዬን ሙሉ የሚገባውን ስጠብቅ፣ የሚወጣውን የሚያወጣ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

"ምን እያደረግሽ ነው ብርቄ?"

ደንግጣ ሃይላንዱን ልትጥለው ነበር። "ይቅርታ ሲስተር! አባ ሊመጡ ነው። ጸሎት ሊደረግበት፣ ሽንቱ ከሥሩ ተንጠልጥሎ፣ ነውር ነው ብዬ እኮ ነው።"

"ሁልጊዜ ነው የምትደፊው?"

"አባ ሲመጡ። ደግሞ ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ። ባልደረቦቹ፣ ተማሪዎቹ ይመጣሉ፤ ታደሰ ደግሞ ክብሩን የሚጠብቅ ሰው ነው። እናንተን ከማስቸግር ብዬ።"

ግሉኮሱ ሳይሰቀል ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንቱን በየጊዜው ለካን፤ የጤነኛ ሰው ነበር። ጋሽ ታደሰ ቀስ በቀስ ከማሽን ወርደው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ብርቄ ሳመችኝ፤ እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር። የእትዬ ሀዋ ጥቁር ቦርሳ ነው ፊቴ የተደቀነው። "ለውዱእ ነው ሲስተር።" በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳሉ፤ ከመስገዳቸው በፊትና በኋላ በልጃቸው ራስ ላይ ዱዓ ያደርጋሉ። ሽንት ደግሞ ለሳቸው ነጃሳ፣ ጸሎት የሚያረክስ ነገር ነው። የሰይድ አልጋ ለምን እንደዚያ ንጹሕ እንደነበር ያን ጊዜ የገባኝ መሰለኝ።

ለዶክተር ኃይሉ ደወልኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"የሰይድ እናት አድርገውታል? ታውቂያለሽ ወይስ ትጠረጥሪያለሽ?"

"እጠረጥራለሁ።"

"እንግዲያው ካልጠየቁሽ አትንገሪያቸው። ሐዘናቸው ላይ የኛን ጥርጣሬ አንጨምርም። ከጠየቁሽ ግን እንዳትዋሺያቸው።"

በማግስቱ በየአልጋው ራስጌ ወረቀት ለጠፍን፤ የሽንት ከረጢት የሚደፋው ነርስ ብቻ ነው የሚል፣ በአማርኛና በኦሮምኛ። ለአዲስ አስታማሚም ገና ጋውን ሲለብስ በአፍ መንገር ጀመርን። ብሩክን ደግሞ ካፌ ወስጄ ማኪያቶ ጋበዝኩት። ስኒውን እያየ "ሲስተር፣ ምን አስበው ነው?" አለኝ። እኔ ያስተማርኩት ጠባይ ነው።

እስከ ጡረታዬ ድረስ በእትዬ ሀዋ ሱቅ በኩል አላልፍም ነበር። በርበሬ ካስፈለገኝ ዞሬ ሌላ ቦታ እገዛለሁ። መንገድ ላይ ካየኋቸው ታክሲ የሚያመልጠኝ መስዬ እቸኩላለሁ። የፈራሁት ቁጣቸውን አይደለም፤ ጥያቄውን ነው። ጡረታ ስወጣ ግን ሆስፒታሉም የለም፣ የሚያስቸኩለኝም የለም። ባለፈው ክረምት ዝናብ ይዞኝ በሰቃ ሰፈር አንድ ሱቅ ታዛ ሥር የማን እንደሆነ ሳላስተውል ስጠጋ፣ ከውስጥ "ሲስተር ፀዳለ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሳቸው ናቸው። በርጩማ አውጥተው አስቀመጡኝ፤ ስለ ጤንነቴ፣ ስለ ልጄ ጠየቁኝ። ከዚያ የቅመም ማንኪያቸውን አነሱ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ግን እንዳታባብይኝ፤ ልጅ አይደለሁም።"

"ይጠይቁኝ እትዬ ሀዋ።"

"የወንድሜ ሚስት ታማ እዚያው እናንተ ክፍል ገብታ ነበር። አላህ አፊያ አድርጓታል። እሷን ልጠይቅ ስገባ ከአልጋው በላይ ወረቀት አየሁ፤ ሽንት አትድፉ የሚል። ያ ወረቀት በሰይድ ጊዜ ነበር?"

"አልነበረም።"

"እኔ እደፋው ነበር። ለሶላት ስነሳ በሃይላንድ ይዤው እወጣለሁ። ነጃሳው አጠገቡ እያለ ዱዓ አይሆንልኝም ነበር።" ማንኪያውን በርበሬው ላይ አስቀመጡት። "እሱ ነው የገደለው?"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ድምፁን ሰበብ አድርጌ ያልሰማሁ መምሰል እችል ነበር። ዶክተር ኃይሉ ያሉኝን አሰብኩ።

"የገደለው የሳንባው በሽታ ነው። የተደፋው ሽንት ግን እኛን አሳስቶናል። ያልሸና መስሎን ግሉኮስ ጨመርንለት፤ ያ ሳንባውን ጎዳው። ባንሰጠው ኖሮ ይድን ነበር ወይ ካሉኝ አላውቅም። እንዳይደፉ መንገር የኛ ሥራ ነበር እትዬ ሀዋ። ማናችንም አልነገርንዎትም።"

አላለቀሱም። ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳይነቅሉ ብዙ ቆዩ። ያ አስተያየት የኔ ነው፤ እኔ በየፌስታሉና በየቦርሳው ላይ ስጥለው የኖርኩት ነው። ሲጣልብኝ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

"እኔ ደግሞ በደንብ ያስታመምኩት ይመስለኝ ነበር" አሉ።

"በደንብ ነው ያስታመሙት።"

"አታባብይኝ ብዬሻለሁ።"

"አላባብልዎትም። አይቻለሁ።"

ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ራሴ ጠረጠርኳት። ስለዚሁ ልጅ አንድ ጊዜ ብያት ጉድ ሠርታኛለች። ስለዚህ ምን እንዳየሁ ልናገር ይገባኝ ነበር።

"ካረፈ በኋላ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። ጀርባውን፣ ወገቡን፣ ተረከዙን አንድ በአንድ አይቻለሁ። እንደዚያ የተኛ ሰው ሁሉ ይቆስላል፤ የኛ ክፍል ሰው ሁሉ ይቆስል ነበር። ሰይድ ላይ ቁስል አልነበረም።"

እትዬ ሀዋ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱት።

"አንድም?"

"አንድም እትዬ ሀዋ።"